የተገዘተችው መኪና

ባለፈው ሰሞን ለልጄ ባጃጅ የፍሬን ጎሚኒ ልገዛ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና አንደኛውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «አባባ፣ ይኼኛውን ይውሰዱ፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ። እኔ ሌላውን እንዲሰጠኝ ነገርኩት። እሱ ግን አሁንም ኦርጅናል፣ ያልተነካ፣ ከፋብሪካው እንደወጣ እያለ ሲነዘንዘኝ ደሜ ፈላና ኦርጅናል ሰው ይገድላል ብዬው ሌላውን ገዝቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «ጃጅተዋል» ሳይል አልቀረም፤ ይበል። ባንኮኒው ጥግ ላይ ክዳኑ የተከፈተ የፍሬን ዘይት ቆርቆሮ ነበር። ያ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ አልወጣ አለኝ። ሌላው ሰው ወጣትነቱ በአበባ ሽታ ወይም በሆነ ዘፈን ይመጣበታል አሉ። የእኔ የሚመጣው በፍሬን ዘይት ነው።

ያን ጊዜ ደባርቅ አንድ መንገድና በግራ በቀኙ የተሰለፉ የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር። እኛ ወጣቶቹ ከጉልበት በታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋ ቤልቦተም ሱሪ እናሰፋለን፤ ገበያው ዳር ያለው ልብስ ሰፊ፣ ይኼ ጨርቅ ለሁለት ሰው ይበቃል እያለ ያጉረመርማል። መንገድ ላይ ስንሄድ የሱሪያችን ጫፍ አቧራውን ስለሚጠርገው፣ ሴቶቹ ለማዘጋጃ ቤቱ ተቀጠራችሁ ወይ ይሉን ነበር። ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ተሳፋሪው ከቅንድቡ እስከ ጫማው አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ይወርዳል። ጠጅ ቤቱ ማዕዘን ላይ ያለው የካሴት ሱቅ አዲስ ዘፈን ከሁሉም ቀድሞ ያገኝ ስለነበር፣ ጸጉራችንን አበጥረን አቁመን፣ ደጁ ላይ ተደርድረን ካሴቱ እስኪገለበጥ እንሰማለን። ዛሬ እዚያው ማዕዘን ላይ ባንክ ተሠርቷል። ትንሽ ቆም ካልኩ ጥበቃው ከበሩ ዞር ይበሉ ይለኛል።

በዚያች ከተማ ነው እንግዲህ ልጅ ዳኘው ቀይ መኪናውን ይዞ ከሊማሊሞ ብቅ ያለው። ልጅ ዳኘው የዳባት ባላባት ልጅ ነው፤ አስመራ ተምሮ እዚያው ሥራ የያዘ፣ ልብሱ የማይጨማደድ፣ ሲያወራ የማይቸኩል ሰው ነበር። መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ ነው። ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት ይባል ነበር። ከመሬት ያላት ከፍታ ስንዝር ስለማይሞላ ሊማሊሞን እንዴት እንደወጣች እስካሁን ይገርመኛል። ሽማግሌዎቹ ግን ከመገረም ይልቅ አዘኑለት፤ የስንት ጋሻ መሬት ጌታ ልጅ በቅሎ ጠፍቶ ነው ወይ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሄደው አሉ። እኔ አላዘንኩም። ኮፈኗ ተከፍቶ ሞተሯን ያየሁ ዕለት፣ ሁሉም ነገር በየቦታው፣ ሁሉም ብሎን በልኩ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሚስቴን መጀመሪያ ያየኋት ቀን እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

እኔና ማረው ከሊማሊሞ መውጫ በኩል ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ነበር የምንሠራው። ሙያውን ያስተማረን ከጣሊያን ጊዜ የቀረ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው፤ ሲሞት መፍቻዎቹን ለሁለታችን ተወልን። ማረው የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ድጓ ጀምሮ ከመሃል ያቋረጠ። መኪና ሥር ተኝቶ ዜማ ያዜማል፣ ብሎን እምቢ ሲለው በግዕዝ ይሰድበዋል። እጁ ደግሞ ተአምር ነበር። ከማረሻ ብረት ማሰሪያ ያወጣል፣ የአንዱን መኪና ዕቃ ለሌላው ሞርዶና ቆርጦ ሲገጥመው ባለቤቱ እንኳ አይለየውም። እኔ በአንጻሩ የፈታሁትን በፈታሁበት ተራ የምመልስ ሰው ነኝ። «ፈንቴ፣ አንተ መካኒክ አይደለህም፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነህ» ይለኝ ነበር። እኔም እሱ ያበላሸውን አስተካክላለሁ፣ እሱም እኔ ስዘገይ ያፋጥናል፤ ሥራችን አንድ ላይ ደህና ይሄድ ነበር።

መሬት ለአራሹ የታወጀ ሰሞን የልጅ ዳኘው አባት ታሰሩ። እሱም በቆላው በኩል ወደ ሱዳን ሊወጣ ቆርጦ መኪናዋን በአደራ ሊሰጠን አንድ ቀን ጋራዣችን መጣ፤ የቤታቸውን የነፍስ አባት አባ ተክሌን አስከትሏል። በእኛ አገር አደራ ያለ ምስክር አይሰጥም፤ የጠነከረ አደራ ደግሞ በግዝት ይታሰራል። የከብት አደራ፣ የእህል አደራ፣ የርስት አደራ ሲገዘት አይቻለሁ፤ መኪና ስትገዘት ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ልጅ ዳኘው ኮፈኗን ደባበሰና «እንደ ነበረች ትቆየኝ። አንድ ነገሯ እንዳይለወጥ» አለን። አባ ተክሌም መስቀላቸውን አወጡ፤ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ እያማተቡ ዞሩና፣ ያላትን የለወጠ፣ የሌላትን የጨመረባት በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን አሉ። ሁለታችንም አሜን አልን። ማረው አሜን ሲል ሳቁን አፍኖ እንደነበር አስታውሳለሁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሁለት ዓመት ያህል ገለባ ከድነንባት ቆየች። በኋላ ማን እንደነገረው እንጃ፣ የወረዳው ካድሬ መጣና ገለባውን በጫማው ገለጥ አድርጎ አያት፤ የሕዝብ ንብረት ናት አለ። ከእኛው ጋራዥ እየዋለች እያደረች፣ በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ተጭኖባት ከደባርቅ ዳባት እንድትመላለስ ተወሰነ። የቤንዚን ኩፖን እሱ ይሰጣል፤ መንዳቱ የእኔና የማረው ተራ ነው። ቀይነቷ ለአብዮቱ ይስማማል ስለተባለ ቀለሟን አልነኩትም፤ እኔም በዚህ ደስ አለኝ። ድምፅ ማጉያውን በብሎን ለማሰር አካሏን መብሳት ሊኖርብን ሲሆን ግን እምቢ ብዬ በጠፍር አሰርኩት። ገበያተኛው መኪና እንደ ቀንበርና ሞፈር በጠፍር ተጠፍራ ሲያይ ይስቅብኝ ነበር። የተበጠሰ ሽቦዋን እንኳ የዚያኑ ቀለም ሽቦ ካላገኘሁ አልቀጥልም። ማረው፣ ድንጋዩ ሆዷን ጨረሰው፣ ባሌስትራ ጨምረን ከፍ እናድርጋት ቢለኝ፣ ግዝት አለብን እለዋለሁ። እውነቱን ልናገር ከሆነ ግን ግዝቱ ምክንያት ነበር። የመንገዱ ስም፣ የሰዉ መጠሪያ፣ ሰላምታው ሳይቀር በተለወጠበት ዘመን፣ አንዲት ያልተለወጠች ነገር በእጄ አለች ብዬ ማሰብ ይጥመኝ ነበር። ኩራቴን ግዝት እያልኩ እጠራው ነበር።

ከዚያ ፍሬኗ መላላት ጀመረ። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱ ጎማዎች የምትገፋ ፖምፓ የምትባል ዕቃ አለች፤ በውስጧ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ አርጅቶ ያንጠባጥብ ጀመር። የአስመራ መንገድ ተዘግቷል። ጎንደር ድረስ ሄጄ ፈለግሁ፣ ለእሷ የሚሆን የለም። ቆላም ወርጄ ጠየቅሁ፤ ንዳድ ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ማረው ግን ዳባት መግቢያ ላይ ከተገለበጠች ፒክአፕ ደህና ፖምፓ አስፈቅዶ ፈትቶ መጣ። ልኳ ትንሽ ይለያል እንጂ ማሰሪያው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ትገባለች አለኝ። እኔም ባትሪ አብርቼ ነባሯ የታሰረችበትን ቦታ አሳየሁት፤ ሁለቱ ቀዳዳዎቿ ክብ፣ ንጹሕ፣ ዳራቸው ያልተሸራረፈ ናቸው። ፋብሪካው እንዴት አድርጎ እንደበሳው እይ፣ ከዚህ አጠገብ ነው ወይ አንተ በመሰርሰሪያ የምትጎረጉረው አልኩት።

«ፈንቴ፣ ሁለት ቀዳዳ ነው» አለኝ ማረው።

«የሌላትን የጨመረባት ነው የተባለው» አልኩት።

«ሰንበት ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለሰንበት አልተፈጠረም። አባ ተክሌ ስለ ጎሚኒ ምን ያውቃሉ?»

አባ ተክሌ እንዳይጠየቁ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። የገዘተ ካልፈታ ማን ይፈታዋል አልኩት። ማረው፣ እሱ ነገር ከእኔ ይልቅ የሚገባው፣ የሞተ ሰው ግዝት በሌላ ካህን ይፈታል፣ ልሂድና ላስፈታ አለኝ። እኔ አልሰማሁትም። አሮጌውን ጎሚኒ አውጥቼ አጥቤ መለስኩትና፣ በየጠዋቱ ዘይት እየጨመርን እንነዳታለን አልኩ። ማረው መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል፣ ያንን አቀብለኝ፣ ይህን ያዝልኝ ከማለት በቀር አላነጋገረኝም። ያመጣት ፖምፓ በጆንያ ተጠቅልላ የጋራዡ ጥግ ተቀመጠች፤ ጠዋት ጠዋት ዘይት ስጨምር እያየኋት አልፋለሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ካድሬው፣ ድምፅ ማጉያው ከሊማሊሞ በታች ወዳለው ገበያ ይውረድ አለ። እስከዚያ ቀን የምትሄደው ደጋ ለደጋ ነበር። ተራው የእኔ ነው። ንዳዴ ግን ያን ጠዋት ተነስቶብኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ ጋራዡ ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ እንቀጠቀጣለሁ። ማረው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። መጣ፣ ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

«ሂድ ተኛ። ዛሬ ግዝትህን እኔ እነዳልሃለሁ» አለኝ።

ቀስ ብለህ ውረድ፣ በማርሽ ያዛት አልኩት። በማርሽ እንደምትያዝ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ልለው የሚገባ ሌላ ቃል ነበር፤ አትሂድ፣ ፖምፓዋን እንቀይርና ነገ ይኬዳል ማለት ነበር። ካድሬው ቢቆጣ አንድ ሁለት ቀን ያስረን ይሆናል፤ ከዚያ በፊትም ታስረን እናውቃለን። አላልኩም። ከባሕር ዛፎቹ ኋላ እስክትሰወር በዓይኔ ተከተልኳትና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት ታምራለች ብዬ አሰብኩ። የጓደኛዬን ማጅራት ለመጨረሻ ጊዜ ሳይ ያሰብኩት ይህን ነው።

የሊማሊሞ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬኗ እምቢ አለ። ከኋላዋ ይወርድ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር እንደነገረን፣ ማረው በተራራው ወገን እያሻሸ ሊያቆማት ሁለት ጊዜ ሞክሯል፤ አልያዘችለትም። ወንዶች በቃሬዛ ሲያወጡት እኔም ከነንዳዴ ወርጄ ነበር። ፊቱ አልተጎዳም። መኪናዋ ጦስኝ በሞላበት እርከን ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ድምፅ ማጉያው በጠፍሬ እንደታሰረ ነው፣ አንዱም ጠፍር አልተበጠሰም። የጦስኙና የፍሬን ዘይቱ ሽታ ተቀላቅሎ አናቴ ላይ ወጣ። ሰዉ ሬሳውን ተከትሎ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረሁና ፖምፓዋን ፈትቼ ኪሴ ከተትኳት። ያን ጊዜ ለምን እንዳደረግሁት አልገባኝም፤ አሁን ግን አውቃለሁ፤ ሌላ መካኒክ እንዳያያት ነው።

የማረው ሚስት ይታይሽ የዳባት ልጅ ናት፤ ከተጋቡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። በሠልስቱ ማግስት ለቀስተኛው ሲቀንስ ወደ ጓሮ ጠራችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ የመኪናዋ ፍሬን ደህና ነበር ወይ? አዎ፣ ደህና ነበር አልኳት። በዚያም ሳላበቃ የመንገዱ ክፋት ነው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው እያልኩ ጨመርኩበት። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደ ወላጆቿ ዳባት ተመለሰች፤ ሌላ ባል አላገባችም። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ዝክር ታደርግለታለች፤ ለእኔም ሳታስቀር ትልክብኛለች። እሄዳለሁ፤ ዳቦውን እቆርሳለሁ፣ ጠላውን እጠጣለሁ፣ ነፍስ ይማር እላለሁ። ሰዎች፣ ጓደኛ ማለት እንደ ፈንታሁን ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን ይህን ስሰማ ጠላዬን ሳልጨርስ ተነስቼ እሄድ ነበር፤ በኋላ በኋላ ግን ለመድኩት።

ያ መንግሥት ወርዶ ሌላ ከመጣ በኋላ ልጅ ዳኘው ተመለሰ። ሸብቷል፣ ያ የማይጨማደድ ልብሱ ግን እንደ ድሮው ነው። የአባቱን ቤት ፍራሽ ሊያይ ወደ ዳባት ሲያልፍ ደባርቅ ሻይ ቤት ተገናኘን። ሻይ አሥር ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማረውን ስነግረው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አዘነ፤ የልቡ ሐዘን ነበር። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት በጨርቅ ጠቅልዬ ያኖርኳትን ፖምፓ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። አንድ ነገሯን አልለወጥንም፣ ከአደራህ የቀረችው ይቺ ናት አልኩት። እውነቱን ለመናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር። እሱ አነሳት፣ አገላበጣት፣ መነጽሩን አውጥቶ እንደገና አያት።

«ይቺማ የእሷ አይደለችም» አለኝ። «በገዛኋት ዓመት ፍሬኗ አስቸገረኝና አስመራ ከአሮጌ ታክሲ ላይ አውጥተው የገጠሙልኝ ናት። ማሰሪያውን ሲበሱት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።»

ሁለት ቀዳዳ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ፣ ሁለት አለኝ። ቀጥሎም፣ እንዳይለወጥ ያልኳችሁ እኮ ሸጣችሁ በሌላ እንዳትተኩብኝ ነው፣ ፍሬን ሲበላሽማ ይቀየራል እንጂ ምን ይደረጋል አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያጽናናኝ መስሎት ነው። ፖምፓዋንም መለሰልኝ። ያ ክብ፣ ያ ንጹሕ፣ ያ የፋብሪካ ነው እያልኩ የሰበክሁለት ቀዳዳ አስመራ ውስጥ ያለ አንድ መካኒክ፣ አንድ እንደ ማረው ያለ ሰው፣ በመሰርሰሪያ የበሳው ነበር። የማረውን እጅ ከልክዬ የሌላውን ማረው ሥራ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ስትገዘት እንኳ እንደ ነበረች አልነበረችም። በዚያን ቀን ሻዬ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ፤ አስተናጋጁ መጥቶ አነሳው።

ከዚያ ወዲህም ብዙ ዓመት አለፈ። በየዓመቱ ዘንድሮ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየዓመቱ ዳቦውን በልቼ እመለሳለሁ። ያቺ የሱቁ ኦርጅናል ግን ዕንቅልፍ ነሳችኝና ዘንድሮ ቆረጥኩ። ፖምፓዋን ኪሴ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የዳባት መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ያች መኪና ሆዷን የተቧጨረችበትን ሁሉ አሁን በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። ይታይሽ ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለየችኝ። ዝክሩ ተበልቶ ቄሱ ባርከው፣ ጎረቤቱ አንድ አንድ እያለ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ፖምፓዋን መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

«ምንድን ነው ፈንታሁን?» አለችኝ።

«የዚያች መኪና ዕቃ ነው። የፍሬኗ» አልኳት። ቀጥሎ የምናገረውን በልቤ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ ትንፋሼን ለመሳብ ያህል ብቻ ቆም አልኩ።

እሷ ግን በሁለት እጇ ዳበሰችው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ሳመችው። ከዚያ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄዳ፣ ማረው በቤልቦተም ሱሪው ቆሞ ከሚስቅበት ፎቶ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ዘመም ያለ መስሏት መልሳ አቃናችው።

«እጁ የነካው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አኑረህልኝ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «ያን ጊዜ ደህና ነበር ስትለኝ ነው እኮ ልቤ ያረፈው። በሰው እጅ ጥፋት ነው ብትሉኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ይቅር ባላልኩ።»

ተመልሳ ተቀመጠችና ጠላ ጨመረችልኝ። ጠጣሁት። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዘንድሮው ውርጭ አወራን። ልሄድ ስነሳ በክንዴ ይዛኝ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ለከርሞም እንዳትቀር፣ አደራ አለችኝ።